በመጀመሪያው ዙር የወደቁ አንባቢዎቼ

የተሸነፈ ሰው ጥሩ ደንበኛ ነው። ይህን ያስተማረኝ የመጋዘን ሒሳብ ያዥነቴ አይደለም፤ እኔ በምሠራበት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሽንፈት ማለት ከካርዱ ጋር ያልተመሳከረ የክር ቆጠራ፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ሙሉ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ያስተማረኝ ባለፈው ጥር፣ ተማሪው ለመንፈቀ ዓመት እረፍት በወጣበት ቅዳሜና እሑድ፣ ደሴ ላይ የተካሄደ የጨዋታ ውድድር ነው። የሜዳ ኳስ አይደለም፤ የፕሌይስቴሽን፣ የስልክ ጨዋታ፣ የቼዝና የዳማ ውድድር ነው። እኔም በመካከላቸው ጠረጴዛ ዘርግቼ ልብ ወለዴን እሸጥ ነበር።

ሐሳቡ የእህቴ ልጅ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ይማራል፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ ነበር። «አክስቴ፣ ጠረጴዛ ላስይዝልሽ?» ሲለኝ ሳቅሁበት። ልጆቹ የሚመጡት ጎል ሊያገቡ እንጂ ሊያነቡ አይደለም አልኩት። እርሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ጄን ኮን ስለሚባለው የአሜሪካ የጨዋታ ጉባኤ ያሳየኝ ጀመር። ጋሪ ጋይጋክስ የተባለ ሰው በ1968 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የጀመረው ነው። ዛሬ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍበታል፤ በመካከሉም ለደራስያን ብቻ የተለየ የጠረጴዛ ረድፍ አለ። ያው ሰው ከባልደረባው ጋር በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ጨዋታ ተጫዋቹ ራሱ የታሪኩ ሰው ሆኖ የሚጫወተው ነውና፣ እዚያ ደራሲና ተጫዋች ከጥንት የተዋወቁ ናቸው። «አንቺስ የጻፍሽው ስለ ጨዋታ አይደለም እንዴ?» አለኝ የእህቴ ልጅ።

ነው። ልብ ወለዴ የአንድ ፊታውራሪ የሰንጠረዥ ጨርቅ ተሸካሚ ስለሆነ ልጅ ነው፤ ሰንጠረዥ ስል የድሮውን የእኛን ቼዝ ማለቴ ነው፤ ገበታው ጨርቅ ነው። ታሪኩ ንጉሥ ሚካኤል በነገሡበት በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ይጀምርና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ያበቃል። ፊታውራሪውም ልጁም የፈጠራ ሰዎች ናቸው። የወሎ ጦር የተሸነፈበትና ንጉሡ የተማረኩበት ሰገሌ ግን የፈጠራ አይደለም። እንግዲህ የሽንፈት መጽሐፍ ነው የጻፍኩት፤ ለተሸናፊዎች መሸጡ የሚያስገርም አልነበረም ይሆናል።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልናገርና ልለፈው። መጽሐፉን ያሳተምኩት አዲስ አበባ ነው። አከፋፋዩ ከየመቶ ብሩ 35ቱን ለራሱ ያስቀራል፤ የቀረውን ደግሞ ሲመቸው ይሰጠኛል፤ የሚመቸው ደግሞ አልፎ አልፎ ነው። መጽሐፍ አዟሪዎቹ የተሻሉ ናቸው፤ እነርሱ ቢያንስ ዓይኔን እያዩ ይከራከሩኛል። በራስ ጠረጴዛ ላይ ግን 400 ብር 400 ብር ነው፤ ለጠረጴዛው የተከፈለው ብቻ ይቀነስለታል።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዤ ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ካርቶኖቹን እያየ «እነዚህም ሰው ናቸው፣ ይከፍላሉ» አለ፤ ከፈልኩላቸው። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ በእያንዳንዱ ጥምዝ ካርቶኑ በጉልበቴ ላይ ይንሸራተታል። ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ከቤቱ በነጠላ የተነሣ የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ይመኛል። እኔም ተመኘሁ። አዳራሹ ከሆጤ ብዙም አይርቅም፤ ጠረጴዛዬ ደግሞ በሩ አፍ ላይ፣ ከፈንዲሻ ሻጯ አጠገብ ነበር። የጦሳ ተራራ ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፣ ቀጥሎ ፈንዲሻውን።

የመድረኩ ላይ አራት ቴሌቪዥን ተደርድሯል፤ ፊፋ የሚሉት የቴሌቪዥን እግር ኳስ እዚያ ነው። (ጨዋታው ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ ተቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፤ ይህን ለልጆቹ የሚነግራቸው ካለ ይሞክር።) በመስኮቱ በኩል ስልካቸውን ይዘው አራት አራት እየሆኑ የሚዋጉት ተቀምጠዋል። ቼዙና ዳማው በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ነበር። ገበጣ ለምን እንደሌለ ጠይቄያቸው ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከ100 በላይ የገበጣና የመሰሎቹ ዓይነቶች መዝግበዋል፤ የእኛ አገር ጨዋታ ይገባዋል ብዬ ተከራከርኩ። የእህቴ ልጅ «ታዲያ በየትኛው ሕግ እናጫውታቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሁሉም የሰፈሩን ሕግ ይዞ ከመጣ ዳኛው ከተጫዋቹ በላይ ይደክማል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ማንም አልቀረበኝም። የሚገባው ሁሉ ዓይኑን ቀጥታ ወደ መድረኩ ጥሎ ያልፈኛል። እውነቱን ለመናገር ከመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ይልቅ ይህ ተመቸኝ። ዐውደ ርእይ ላይ ደራሲ ለደራሲ ነው የሚሸጠው፤ እኔ የእርሱን እገዛለሁ፣ እርሱ የእኔን ይገዛል፣ ተፈራርመን ተመሰጋግነን ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ቆጠራ ላይ ግን ገንዘቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። እዚህ ደግሞ ሰው ቢገዛኝ በይሉኝታ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሠራሁ፤ ልማዴ ነው። ፊፋው በጥሎ ማለፍ ነበር፤ 64 ልጆች ተመዝግበዋል። ጥሎ ማለፍ ማለት 63 ግጥሚያ፣ 63 ተሸናፊ፣ አንድ አሸናፊ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር 32 ግጥሚያ አለው። አራት ቴሌቪዥን፣ አንዱ ግጥሚያ ከነዝግጅቱ ሩብ ሰዓት ገደማ፤ ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ አራት ልጆች ከመድረኩ ይወርዳሉ። መግቢያ ከፍለዋል፤ ጓደኛቸው ገና ስላልተጫወተ ጥለው አይሄዱም፤ ቴሌቪዥኑን ደግሞ ለጊዜው ማየት አይፈልጉም። የት ይሄዳሉ? ፈንዲሻ ሊገዙ ይመጣሉ። ፈንዲሻው ደግሞ አጠገቤ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ዓይኑ የቀላ ልጅ ነበር። ሦስት ለዜሮ ተሸንፏል። አጠገቤ ቆሞ ለፈንዲሻ ሻጯ ጆይስቲኩ መበላሸቱን ያስረዳት ነበር፤ የሦስት ማዕዘኗ ቁልፍ ተጭና ትቀራለች፤ እርሱ ለማሳለፍ ሲጫን በረኛው ከጎል ይወጣል። በአውራ ጣቱ አየሩን እየተጫነ አሳየን። ፈንዲሻ ሻጯ «አብሽር፣ ይኼም ያልፋል» አለችውና ጨው ጨመረችለት። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ገልጬ፣ ፊታውራሪው ተሸንፈው ጨርቁን በሰይፍ የሚቀዱበትን ገጽ አስያዝኩት። ቆሞ አነበበው። ፈንዲሻውን አልጨረሰም፤ «ልጁ ምን ይሆናል?» አለኝ። «400 ብር» አልኩት። ሳቀ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀ ይመስለኛል። በቴሌብር ከፈለ።

ከዚያ በኋላ ስልቱን ያዝኩት። አሸናፊን አላስቸግርም፤ አሸናፊ ሕዝብ አለው፣ ትከሻውን የሚመታው፣ ውኃ የሚያቀርብለት አለው። ጊዜም የለውም፤ ቀጣዩ ተጋጣሚው ይጠብቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ዙር ላይ የደረሰ ልጅ ሽፋኑን አይቶ «ካሸነፍኩ እገዛለሁ» አለኝ። አሸነፈ፤ አልገዛም። ከሩብ ፍጻሜ ሲወድቅ ግን መጣ።

የቼዙ ክፍል ሌላ ነገር ነው። እዚያ ውድድሩ በስዊስ አሠራር ነበር፤ ማንም አይወድቅም፣ በየዙሩ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። ተሸናፊም እስከ መጨረሻው ይጫወታል። ለቼዝ ጥሩ ነው፤ ለነጋዴ ግን ክፉ ነው። የተጠቀምኩት ጨዋታቸውን ቀድመው የጨረሱት ቀጣዩን ዙር በሚጠብቁበት ጊዜ ብቻ ነው። ዳማ ተጫዋቾቹን ደግሞ ተዉአቸው። ዕድሜያቸው ከሌሎቹ ገፋ ያለ ነው፤ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ቆርኪውን ደርድረው ያለፈውን ጨዋታ እንደገና ይከራከሩበታል። ለሦስተኛ ወገን ቦታ የላቸውም።

ሌላው ስልቴ የመጋዘን ሰው ስልት ነው፤ ከቤት የመብራት ማከፋፈያ ገመድ ይዤ ሄጄ ነበር። የስልክ ጨዋታ ባትሪ ይበላል፤ ልጆቹ እኩለ ቀን ላይ ሶኬት ፍለጋ ግድግዳውን ይዳብሱ ጀመር። ጠረጴዛዬ ሥር ስድስት ቀዳዳ አለ። ቻርጅ በነጻ ነው፤ ግን ስልኩ እስኪሞላ ማንም ስልኩን ለእኔ ትቶ አይሄድም፣ እኔም እንዲሄዱ አልፈልግም። ስልኩ የተሰካበት ልጅ በእጁ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ እጁ ራሱ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ከፊቱ የተደረደረው መጽሐፍ ነው። አንዱ ቻርጁ ከ20 በመቶ 80 እስኪደርስ ሁለት ምዕራፍ ጨረሰና ሳይገዛ ሄደ። እርሱን አልረሳውም።

ሕዝቡን የሰበሰበው ግን ጨርቁ ነው። ለጌጥ ነበር የያዝኩት፤ ቀይ ጨርቅ፣ በጥቁር ክር በተሰፋ መስመር ለስምንት በስምንት የተከፈለ። የሰንጠረዥ ገበታ እንደ ፈረንጁ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅበትም። ጠጠሮቹም ከላዩ ተደርድረዋል። ከቼዙ ክፍል የወጣ ቀጭን ልጅ ቆሞ አየና «ነጩ የቱ ነው? ማን ይጀምራል?» አለ። ማንም አይጀምርም አልኩት፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይጀምራሉ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ወገን እንደ ፍጥነቱ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል፣ መደቁን (የቼዙን ወታደር) ይነዳል፣ ፈረሱን ያወጣል፣ የሌላውንም እያየ የራሱን ይለዋውጣል። አንዱ የሌላውን ጠጠር የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል። ንጉሡን በደር (በቼዙ ግንብ) ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ባለሙያ አያስቆጥርም፤ በመደቅ የያዘ ግን ይወደሳል። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ትግራይ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፎታል፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን ጨዋታው እየጠፋ ሄደ።

ቀጭኑ ልጅ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። እኔ በወረራው ስድስት ሰባት ጊዜ ሳንቀሳቅስ እርሱ ገና አንዷን መደቅ ይዞ ያስብ ነበር። የቼዝ ሰው ነው፤ እጁ ፈቃድ ይጠብቃል። በመስኮቱ በኩል ከነበሩት የስልክ ተዋጊዎች አንዱ ከኋላ አንገቱን አስግጎ «እንዴ! ይኼ እኮ የእኛ ነው፤ ተራ የለውም» አለና ወንበሩን ነጠቀው። ሕጉን አንድ ጊዜ ብቻ ነገርኩት። ጣቶቹ ጨርቁ ላይ ይበርሩ ነበር፤ እኔ አሥር ጠጠር ሳላደራጅ የእርሱ መስመር ቆሟል። ወረራው አልቆ በተራ ስንጫወት ግን እንደ ዶሮ በየአቅጣጫው ተበተነብኝ፤ መጠበቅ አይችልም። የቼዙ ልጅ ተመልሶ ቆሞ በጆሮው ይነግረው ጀመር። በመጨረሻ ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ፤ አንዱ ለወረራው፣ አንዱ ለተራው። እንዲህ ያለ ሕግ የለም አልኳቸው። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ግን ፈረደላቸው።

ያን ቀን ከሰዓት ጨርቁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ማን አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔ ወንበሩን ለቅቄ ቆሜ እሸጥ ነበር። «ሙሉ የወረራው ጨዋታ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አለ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላውቅም። ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተው አንድ ገዙ፤ ማን ቀድሞ እንደሚያነብ ለመወሰን ጨርቁ ላይ ተቀመጡ።

ፊርማ ሲጠይቁ ስማቸውን አይሰጡም፤ የጨዋታ ስማቸውን ነው የሚሰጡት። «ለጥላ 07 ብለው ይጻፉልኝ።» «ለዝምተኛው ገዳይ።» ይህኛው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይመስለኛል፤ ጉንጩ ገና የሕፃን ነው። እናትህ ስታየው ምን ትላለች አልኩት። «እናቴ ሽፋኑን ብቻ ነው የምታየው፤ እትዬ፣ ይጻፉት» አለኝ። ጻፍኩለት። ከሥሩ ግን «ለፈተናህም በርታ» ብዬ ጨመርኩበት፤ ፊቱን አጨማደደ፤ ቅጂው ግን አንዴ ተፈርሟል።

እሑድ ከሰዓት ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ፣ ጋቢ ደርበው ቆብ ያደረጉ አባት ጠረጴዛዬ ላይ ሰገሌ የሚለውን ቃል ከጀርባ ሽፋኑ አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ።

«እህቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው። ኮምቦልቻ ማለቴን ችላ ብለው አያቴን ጠየቁኝ፤ ወረኢሉ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አያቴ ሰገሌ ዘምተዋል። በእግራቸው ነው የተመለሱት። አንቺ ማን ያሸንፋል ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«የሆነውን ነው የጻፍኩት፣ አባቴ።»

«እንግዲያው መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ምን ብዬ ልግዛው?»

«የልጁን መጨረሻ አያውቁትም።»

ትንሽ ዝም አሉና «ይተርፋል?» አሉ።

«ለእርሱ ነው 400 ብሩ።»

«አንቺ ደራሲ ሳትሆኚ ነጋዴ ነሽ» አሉኝና ሁለት ገዙ። አንዱ ለእርሳቸው ነው፤ ሌላው ደሴ ሙዚየም አጠገብ ለሚኖሩ ወንድማቸው። ከወንድማቸው ጋር በዚህ ጉዳይ ክርክር እንዳለባቸው ነገሩኝ፤ ክርክሩ ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ልጃቸው ከኋላ ቆሞ ስልኩን ከማከፋፈያዬ ይነቅል ነበር።

አንደኛው ካርቶን ሙሉ በሙሉ አለቀ፤ ሁለተኛው ከግማሽ በታች ወረደ። ረዳቱ ሲመለስ ለአንድ ካርቶን ብቻ አስከፈለኝ። በመዝገቤ ላይ ገዢዎቹን በየጨዋታቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ከፊፋ ተጫዋቾች የገዙት ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የወደቁ ናቸው። ሻምፒዮኑ አልገዛም። የዳማው ረድፍ ባዶ ነው። ከቼዙ ክፍል ብዙ አልሸጥኩም፤ ግን የገዙት አንብበውታል።

ይህን የማውቀው ቀጭኑ ልጅ ስለደወለልኝ ነው። ስልኬ ከመጽሐፉ ጀርባ አለ። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሶ ወደ ነገሩ ገባ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ፊታውራሪው በወረራው አሥራ አንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅሱ ተጋጣሚያቸው አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ቆጥሮታል። ይህ አይሆንም አለ። ይሆናል አልኩት፤ ተራ የለም፣ እጁ የፈጠነ ይሄዳል። «ታዲያ ተጋጣሚው ለምን አንዷን ጠጠር በልቶ ወረራውን አያስቆመውም? አራተኛው ላይ እኮ መብላት ይችል ነበር፤ ገበታውን ስዬዋለሁ» አለኝ። የበላ ቀን ተራው ስለሚጀምር፣ ያልተደራጀ ሰው መብላትን ይፈራል አልኩት። «እርሱ ግን የፊታውራሪውን ፈረስ ነበር የሚበላው፤ ፈረስ የሚያገኝ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ክርክሩ በስልክ አላለቀም። በመጪው እሑድ ከስልክ ተዋጊው ጓደኛው ጋር ኮምቦልቻ ድረስ ሊመጡ ነው፤ ተጋጣሚውን እርሱ ሆኖ ሊያሳየኝ፣ እኔ ፊታውራሪውን እንድሆን ፈልጓል።

ጨርቁን የት እንደማሠራው ለጠየቃችሁኝ፦ ቀዩን ጨርቅ የገዛሁት ሰኞ ገበያ ነው፤ መስመሩን ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል፣ ስምንት በስምንት በሉት ብቻ። ጠጠሮቹን ኮምቦልቻ ላይ አንድ እንጨት ሠሪ ነው ያዞረልኝ፤ ለአንድ ወገን 16፣ በድምሩ 32 ናቸው። መደቆቹን ከሥር ሰፋ አድርጎ ይሥራቸው፤ ቀጫጭኖቹ በወረራው ጊዜ እጅ ሲሯሯጥ ይገለበጣሉ፣ ከዚያ ማን የት እንደነበር ጠብ ይነሣል።